የሐሙስ ውሃና ሊኑክስ

ሰኞ፣ ጥር 18፣ ጠዋት 3፡00
ለሰው ማመልከቻ ሦስት፣ የኪራይ ውል አንድ ጻፍኩ። አዲሱ ነገር ዛሬም አልጣመኝም፣ ማስታወሻዬ። የወንድሜ ልጅ ያሲን ወልድያ ኮምፒውተር ያስተምራል። ባለፈው ሳምንት እዚህ መርሳ ድረስ መጥቶ፣ ቫይረስ በልቶታል ብሎ ዊንዶውሴን አንስቶ ሊኑክስ ጫነብኝ። ነጻ ነው አለ። ነጻ ነገር አላምንም። የድሮው የአማርኛ መጻፊያዬ የሚሠራው ዋይን በሚባል ሌላ ፕሮግራም በኩል ነው። በፈረንጅ አፍ የወይን ጠጅ ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ ሐራም!

9፡00
ሽማግሌው ሸህ ይማም ከግራና መጡ። ከባድ ነገር። የዛሬ አራት ዓመት እሳቸው የሙሄንና የእንድሪስን ቤተሰብ ያስማሙበት፣ እኔ የጻፍኩት የመስኖ ውል። የሐሙስ ውሃ ለእነ ሙሄ ነው የተባለው ይላሉ። እንድሪስ በሕይወት ሳሉ በቃላቸው አድረው ኖሩ። ሲሞቱ ልጃቸው ከድር ወረቀቱን አወጣ፤ ሐሙስ የእኛ ነው ይላል። ፎርጅድ ሠርቷል ተባለ። ቦዩ ላይ ዱላ ተማዘዋል።
“ልጄ፣ ዋናው አንቺ ዘንድ ነው፤ ደም ሳይፈስ ለጁምዓ አውጭልኝ” አሉኝ።
ኢንሻአላህ አልኳቸው።

11፡00
ፋይሉ ተከፈተ። ፊደል የለም! ሣጥን፣ የጥያቄ ምልክት፣ የፈረንጅ ፊደል ዝባዝንኬ። ከዚያ ትዝ አለኝ፦ የያሲን ሚስት የእንድሪስ የእህት ልጅ ናት። አሃ፣ ውሉን ነካክቶታል!

ማክሰኞ፣ ጥር 19
ደወልኩለት። ስለ ውሉ ትንፍሽ አላልኩም፤ ፊደል ጠፋ ብቻ አልኩ። ሳቀ። የድሮው ፊደል አውጥቼ በሰጠሁሽ አሮጌ ዲስክ ላይ ቀርቷል፣ ከዚያ ገልብጪው አለኝ። ምን ያስቃል? እንዳለኝ አደረግኩ። ፊደሌ ተመለሰ፣ አልሀምዱሊላህ! አነበብኩ። ሐሙስ የእነ እንድሪስ ይላል። ደሜ ፈላ። ለውጦታል። የገዛ ሥጋዬ!

ረቡዕ፣ ጥር 20
ያሲን ጋ ደውዬ ስድብ አወረድኩበት። ሚስትህ ናት ያስደረገችህ አልኩት። ቀስ ብሎ፣ ፋይልሽን ከፍቼም አላውቅ፣ የተጻፈበትን ቀን እይ አለና ዘጋው። አየሁ። የዛሬ አራት ዓመት ይላል። ቀን መቀየር ያቅተዋል እንዴ? አስተማሪ አይደል!

ሐሙስ፣ ጥር 21፣ ጠዋት 4፡00
ሌላ ምን እንደነካካ ልይ ብዬ እስከ ታች አነበብኩ። ተራ ቁጥር ሰባት፦ “የውርጌሳው ቦይ ሲጠረግ…”። የምን ውርጌሳ? ውሉ የግራና ነው። ቀደም ብሎ ለውርጌሳ ሰዎች የጻፍኩትን ከፈትኩ። ቃል በቃል አንድ። የቀኑ ድልድል ሳይቀር።
ወይኔ። የግራናውን ውል የጻፍኩ ቀን ገበያ ነበር፣ ሰው በር ላይ ተሰልፏል። እንደ ልማዴ አሮጌ ውል ከፍቼ ስም ብቻ ቀየርኩ። ሸሁ አማርኛ ማንበብ አይችሉም፤ መኪና ሊያመልጣቸው ነበርና ሳላነብላቸው ሁሉንም በአውራ ጣት አስፈረምኩ። አስተግፊሩላህ። ከድር አልዋሸም። ያሲን አልነካም። እኔ ነኝ። አፈርኩ።

8፡00
ያሲን ስልክ አያነሳም። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ።
ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ሐሙስን ለእነ ሙሄ አስተካክዬ ባትምስ? ሸሁ ይደሰታሉ፣ እኔም ከጉድ እወጣለሁ። ከድር ግን ዕድሜ ልኩን አጭበርባሪ ሊባል ነው።
አልነካውም። ሁለቱንም ውል እንዳሉ አተምኩ። ነገ ሱቅ ዝግ። ከጁምዓ በኋላ ግራና፣ ሁሉም በተሰበሰቡበት ቆሜ ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ። ከዚያ ወዲያ በመርሳ ምድር ማን ውል ሊያስጽፈኝ ነው?