በተዝካርህ ስለበላነው ጊታር

ለአየነው፣ በሕይወት ሳለህ እምብዛም ላልተቆጣሁህ፣ ዛሬ ግን አብዝቼ ለምቆጣህ ባለቤቴ፤

ከተለያየን እነሆ ዓመት ሞልቶ አለፈ፤ እኔም እስከ ዛሬ ብዕር ያላነሣሁት የምጽፈው ጠፍቶኝ ሳይሆን፣ አስቀድሞ ኀዘኑ፣ ኋላም ንዴቱ እጄን ስለያዘው እንደ ሆነ፣ ጠባዬን ከማንም አብልጠህ የምታውቅ አንተ አታጣውም። ቤታችን እንደ ተውኸው አይደለም፤ በየክረምቱ መግቢያ ጣራ ላይ ወጥተህ ትደፍነው የነበረው ቆርቆሮ ወጥ ቤቱ ውስጥ ያፈስሳል፤ በምሥራቅ በኩል ያለው ጎረቤታችን ቤቱን አፍርሶ ፎቅ ስለ ጀመረ የጠዋቷ ፀሐይ ወደ መኝታ ቤታችን መግባቷን ትታለች፤ የጓሮው ጌሾም ደርቆ ነቅዬዋለሁ። በዚህ ሁሉ አልከስስህም። የምከስስህ በጊታርህ ነው።

ያ አራት ወፋፍራም ክሮች የተወጠሩበት ቀይ የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታርህ፣ አካሉ ከወገቡ በታች ለሁለት ተሰንጥቆ እንደ ተገለበጠ መንታ ባላ የሚሾለው፣ ባንዳችሁ ሲበተን በድርሻህ የደረሰህ ነበር፤ ጓደኞችህ መልከ መልካሞቹን መሣሪያዎች ሲሻሙ አንተ ማንም ያልፈለገውን አንሥተህ እየሳቅህ ወደ ቤት መጣህ። ከዚያ ወዲያ ዘፋኝ አጅበህ በየሠርጉ ስትመታ፣ ሰው ዘፋኙን እንጂ አንተን ልብ ብሎ አያውቅም፤ ልብ ቢልም ቅርጹን አይቶ "ደግሞ ሞፈሩን ይዞ መጣ!" ይል ነበር። እኔ ግን ሰምቼሃለሁ። በቤት ማጉያ ስላልነበረህ፣ አመሻሽ ላይ እኔ የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም፣ አንተ የጊታሩን አንዱን ሹል ቁም ሣጥኑ ላይ አስደግፈህ ትመታ ነበርና፣ ድምፁ በጆሮዬ ሳይሆን በወለሉና በጠረጴዛው እንጨት በኩል ወደ ክርኔ ይደርስ ነበር፤ እርማቱን አቁሜ እጄን ጠረጴዛው ላይ እንደ ዘረጋሁ የቀረሁባቸውን ምሽቶች አንተም ታስታውሳቸዋለህ።

ሕመምህ እንደማይድን ሐኪሞቹ በነገሩን ጊዜ፣ እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንምና፣ ተዝካርህን ራስህ በቁምህ ልታወጣ ተነሣህ። "እኔ ከሞትሁ በኋላ አንቺ ለድግስ ስትንከራተቺ አይሆንም" አልህ። ወጪው ከየት እንደ ሆነ ብጠይቅህ፣ በቁይ ካለው ከአባትህ ቦታ ድርሻህን እንደ ሸጥህ ነገርኸኝ፤ ጊታሩ ከቦታው በታጣ ጊዜም ለባሕር ዳር ሙዚቀኞች እንዳዋስኸው። አመንሁህ። ሰንጋው ታረደ፤ ዳሱ ተጣለ፤ ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ገበታው ቀረበ፤ አንተም ነጭ ጋቢህን ተከናንበህ፣ በገዛ ተዝካርህ ላይ ከወዲያ ወዲህ እየተመላለስህ "ብሉ እንጂ! ሟቹ ቆሞ ስላየ ነው የምታፍሩት?" እያልህ ሰውን ስታስቅ ዋልህ፤ በመጨረሻም ወደ እኔ ጎንበስ ብለህ በእጅህ አጎረስኸኝ።

ሙት ዓመትህ ሲቃረብ ታላቅ ወንድምህ ምንይችል ከደምበጫ እየደወለ ድንኳንና ወንበር እንድከራይ አጥብቆ ያዘኝና፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ለሠርግና ለልቅሶ ዕቃ ወደሚያከራየው ሰው ሱቅ ሄድሁ። ባለሱቁ ድንኳኑን ሊያሳየኝ ወደ ጓዳው ሲያስገባኝ ጊታርህን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ተመሳስሎኝ እንዳይሆን ብዬ ብቀርብ፣ ማንገቻው እንዳያመልጥ ከአሮጌ ጫማዬ ቆርጠህ የቸነከርሃት ቡናማ ቆዳ በቦታዋ አለች።

"ማዘር፣ እሱን እንኳ ይተዉት፤ ተይዟል" አለኝ። "አዲስ ላውንጅ የሚከፍት ሰውዬ ዙሪያውን አምፖል ተክሎበት ከባንኮኒው በላይ ሊሰቅለው ነው።" ከየት እንዳገኘው ብጠይቀው ሳቀ። "አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ የቁም ተዝካሬን ላወጣበት ነው ብለው ሸጡልኝ። እናቴ ትሙት፣ ጊታር አርዶ ሕዝብ ያበላ ሰው አይቼ አላውቅም!"

ድንኳኑን ረስቼ ወጣሁ፤ ቤቴ እስክደርስም ያጎረስኸኝ ጉርሻ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። አየነው፣ ማን ጠየቀህ? ካህናቱ፣ የቁይና የደምበጫ ዘመዶችህ፣ የሰፈሩ ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ዕድሜህን ሙሉ በደረትህ ያቀፍኸውን ነገር ቆራርጠን በልተን፣ ጠላ አወራርደንበት፣ እጃችንን ታጥበን "እግዜር ይስጥልን" ብለን ስንነሣ፣ የበላነውን የምታውቅ አንተ ብቻ ነበርህ፤ አውቀህም ሳቅህ። ለእኔ ብለህ እንዳደረግኸው አላጣሁትም፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ጋቢ ለመግዛት እንኳ ቀለሙን ምረጪልኝ ትለኝ የነበርህ ሰው፣ ይህን ያህሉን ነገር ብቻህን ቆርጠህ፣ ብቻህን ሸጠህ፣ በፈገግታ ሸፍነህ አሳለፍኸኝ። ከዚያ በኋላ በቆየህባቸው ወራት ጣቶችህ በጋቢህ ጠርዝ ላይ ያለ ዕረፍት ይመቱ ነበር፤ እኔ የሕመሙ መንቀጥቀጥ መስሎኝ ዘይት እየቀባሁ አሽህ ነበር። ዝም ብለህ ታሽተህ!

እንግዲህ ልግዛው ወይስ ልተወው እያልሁ ሰነበትሁ። ለድንኳኑና ለሰንጋው ካሰናዳሁት ገንዘብ በቀር ሌላ ስለሌለኝ ሁለቱን ማድረግ አልችልም። መምታት አላውቅም፤ ቅርጹም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ዛሬም አያምረኝም። ደግሞም አንተ በፈቃድህ የሸጥኸውን መልሼ ብገዛ ተዝካርህን ማፍረስ እንዳይሆንብኝ ፈርቼ የንስሐ አባታችንን ጠየቅሁ። እርሳቸውም አገጫቸውን እያሻሹ፣ "የተበላ ምጽዋት አይፈርስም፤ እኔም በልቻለሁ፣ ደኅና ድግስ ነበር። ጊታሩን መግዛትና አለመግዛት ግን የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አይደለም፤ የአንቺ ነው" ብለው ወደ እኔው መለሱልኝ።

ምንይችል ግን ነገሩን ሲሰማ ማምሻውን በመኪና ደረሰ። "እታለም፣ የቁሙ ተዝካር የቁሙ ነው፤ ሙት ዓመት ደግሞ የሙት ነው! የደምበጫ ሰው ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ ንፍሮ ቆርጥሞ ሊመለስ ነው? ለዚያ ለመንታ ባላ ብለሽ? ድስት እንኳ አይጣድበት! ወንድሜ ወገን እንደሌለው ሰው ሊታሰብ ነው?" አለኝ። እኔም ወንድሙ በመታሰቡ ስም አንድ ጊዜ ሳያማክረኝ እንዳበላኝ፣ ሁለተኛ ግን ማንም ሳያማክረኝ እንደማያበላብኝ ነገርሁት። በዚያ ድምፅ ሰምቶኝ አያውቅም።

በማግስቱ ሱቁ ሳይከፈት ደጁ ላይ ቆምሁ። ላውንጁን የሚከፍተው ሰው ቀብድ አልሰጠም ኖሮ፣ ባለሱቁ ትንሽ አንገራግሮ፣ "ማዘር ባንድ ሊያቋቁሙ ነው እንዴ?" እያለ አወረደልኝ። እንዳልቆጣው ስታገል ባጃጅ ውስጥ ገባሁ፤ ከሁለቱ ሹሎች አንዱ ወደ ውጭ ወጥቶ ስለ ነበር፣ ዕድሜ ልኬን ባስተማርሁበት ከተማ መንገደኛው ሁሉ እየዞረ እያየኝ አለፍሁ።

በሙት ዓመትህ ቀን ዳቦ ቆርሼ፣ ንፍሮና ጠላ አቀረብሁ። ሰው ተቀምጦ ዓይኑ ወጡን ሲፈልግ፣ ጊታርህን ከመኝታ ቤት አውጥቼ ወንበር ላይ አቆምሁና፣ "ዓምና የበላችሁት ይህን ነው፤ አየነው ሸጦት ነው ያበላን። ዘንድሮ የተረፈውን አይታችሁ ሂዱ" አልሁ። ከዚያ ጎረቤታችን እትዬ ውዴ፣ "ወይ ጉድ! ለካስ ዓምና ጥርሴ ውስጥ ገብቶ ያሠቃየኝ ክሩ ኖሯል!" አሉ፤ ካህናቱ ሳይቀሩ ሳቁ፤ እኔም፣ ከሄድህ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

ምንይችል ብቻ አልሳቀም። ተነሥቶ ጊታሩን አንሥቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ላይ ሊያሳርፈው ቢሞክር ተንሸራተተ፤ ደግሞ ቢያነሣው ደግሞ ተንሸራተተ። ያን ጊዜ እኔ፣ ክር ነክቼ የማላውቀው፣ ሄጄ አንዱን ሹል በጭኖቹ መካከል አስገባሁለት፣ ሁለተኛውን በቀኝ ጭኑ ላይ አስተኛሁለት፣ የጊታሩን አንገት ወደ ግራ ትከሻው ቀና አደረግሁለት፤ አቀማመጥህን ሁሉ ለካስ አውቀዋለሁ። ወንድምህ እንደዚያ እንዳቀፈው፣ አንድ ክር እንኳ ሳይነካ፣ እንግዳው እስኪበተን ድረስ ተቀመጠ።

አየነው፣ ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልቸኩልም። ሰው ሲያነሣህ ደጉ፣ ሳቂታው፣ ለሚስቱ የተጨነቀው ይልሃል፤ እኔ ግን ዝም ብለህ የታሸኸውንም፣ እየሳቅህ የዋሸኸኝንም ሳልቀንስ አስታውስሃለሁ፤ ይህን ቃሌን ያዝ። እግዚአብሔር ፈቅዶ በተገናኘን ጊዜም አስቀድሜ እጣላሃለሁ፤ እንዴት ሰነበትህ የምልህ ከዚያ በኋላ ነው።

ባለቤትህ