የወይራ ዘይቱ የት ገባ

ሰኞ

ሰባት ቀን። ሐኪሙ የሰጠን ይህንኑ ነው። የአባቴ ሆድ በሰባት ቀን ካልተፈታ ባሕር ዳር ሄደው አንጀታቸው በካሜራ ይታያል። እሳቸው ደግሞ «ካሜራ ከሚገባብኝ አፈር ይግባብኝ» ብለዋል።

የኔታ ከጅጋ ወዲያ ባለች ደብር ቅኔ ያስተምራሉ። አባቴ ይሁኑ እንጂ እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ እያልኩ ነው ያደግሁት። ቅዳሜ እዚህ ፍኖተ ሰላም ቤቴ ሲገቡ አየኋቸውና ደነገጥኩ፤ ጋቢው ሰው የለበሰው አይመስልም። ሆዳቸው ከደረቀ ወር አልፎታል። ደጅ ወጥተው የሚቀናቸው በአምስት ቀን አንዴ ነው፣ እሱም በጭንቅ። ይህንንም ያወጣጣሁት በስንት ልመና።

የታዘዘልን፦ ከጾም መልስ ውሃ በብዛት። ጎመን፣ ምስር፣ ፓፓያ። በእግር መሄድ። የወይራ ዘይት ሁለት ማንኪያ፣ ከምግብ ጋር። «ዘይቱ ያለሰልሳል፤ ግን ውሃ ካልጠጡ ብቻውን ተአምር አይሠራም» አለ ሐኪሙ። የነቢያት ጾም ነውና ዘይት አይከለከልም። እፎይ።

ጠርሙሱን ከጎረቤቴ ከእትዬ ዘሀራ ሱቅ ገዛሁ። ወንድሟ ከቡሬ ያመጣላት ነው። «የፀጉሩን እንዳይመስልሽ፣ ይሄ የሚበላው ነው» ብላ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀችኝ። የኔታ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። «ከራስጌዬ አኑሪልኝ፣ እኔው ራሴ እወስደዋለሁ» አሉ። እንዲህ በቀላሉ እሺ ይላሉ ብዬ አልጠበቅሁም።

ማክሰኞ

«የኔታ፣ ወጡ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ይህ ወጣሁ ነው አልወጣሁም? የተማሪ ቅኔ ሲያርሙ አንዲት ፊደል የማያልፉ ሰው፣ ስለ ሆዳቸው ሲጠየቁ ምስጋና ብቻ። ጠርሙሱ ግን አንድ ጣት ጎድሏል። ደስ አለኝ።

ረቡዕ

ሁለት ጣት። ጎበዝ የኔታ!

በዕረፍት ሰዓት ስልኬ ላይ ስለ ወይራ ዘይት አነበብኩ። ለልብ ይበጃል፣ አንጀት ውስጥ ላሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ሳይስማማ አይቀርም ይላል። ባዮሎጂ አስተማሪ አይደለሁ? እራት ላይ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «ሆዴ ውስጥ ተከራይ አለ ነው የምትይኝ?» አሉና ሽሮውን ከግማሽ ትተው እጃቸውን ታጠቡ። ውሃውንም አልነኩት።

ሐሙስ

ጠርሙሱ ተጋምሷል። ሆዳቸው ያው ነው። ጠዋት ሊሰግዱ ሲያጎነብሱ ሲያቃስቱ ሰማሁ።

ይህን ያህል ዘይት የጠጣ ሰው እንዴት አይለሰልስም? ሌላ ነገር ቢኖር ነው። እማዬንም ቁርጠት ነው፣ ያልፋል ስንል ነው ያጣናት። ሐኪም ቤት ስንደርስ ዘግይተን ነበር። ፈርቻለሁ። የባሕር ዳር መንገድ ዛሬ ክፍት ነው አሉ፤ የሚመጣውን ሳምንት ማን ያውቃል?

ዓርብ

ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ዘሀራ ከሱቋ ጠራችኝ። «የኔታን አመስግኚልኝ እቴ። በክዳን የሰጡኝ ዘይት ጉልበቴን አቀለለልኝ።»

የምን ዘይት? እየሮጥኩ ገብቼ አፋጠጥኳቸው።

አንድ ጠብታ በአፋቸው አልዞረም! ጠዋትና ማታ ሆዳቸው ላይ በመስቀል ምልክት ይቀቡታል። የተረፈውን ለጠያቂው ሁሉ አድለዋል፦ ለራስ ምታት፣ ለወገብ፣ ለእትዬ ዘሀራ ጉልበት።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ላይ ጮህኩ።

«ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ዕድሜ ልኬን በቤተ ክርስቲያን በሽተኛ ሲቀባበት ያየሁትን ዘይት፣ ሽሮ ላይ ላፍስሰው?»

«የኔታ፣ ይህ እኮ ያልተጸለየበት ነው። ከእትዬ ዘሀራ መደርደሪያ የወረደ!»

ጠርሙሱን አንስተው አገላብጠው አዩት። እኔም አለቀስኩ። «እማዬንም እንዲሁ ዝም ተባብለን ነው የቀበርናት» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ።

እትዬ ዘሀራ ጩኸቴን ሰምታ ደጃፉ ላይ ቆማ ኖሯል። «የኔታ፣ አይቆጡኝና» አለች፣ «እኛስ በነቢያችን ብሉትም ተቀቡትም ነው የተባልነው።»

ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ሳቁ፣ ከመጡ ጀምሮ ያልሰማሁትን ሳቅ። «ምነው ይህችን ሊቅ አስቀድመሽ ብታመጫት!» አሉኝና ሳህናቸውን ዘረጉ። ማንኪያውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሽሮው ላይ አፈሰስኩላቸው።

ቅዳሜ

ሁለት ማንኪያ፣ ዓይኔ እያየ። ውሃ አምስት ብርጭቆ። ፓፓያውን «የሕፃን ምግብ» እያሉ ጨረሱት። እስከ አስፋልቱ ሄደን ተመለስን፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ክንዴን ይይዛሉ።

«ወጡ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» አሁንም አልገባኝም።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ በልተው ወደ ግቢው ጥግ ሄዱ። ቆዩ። ሲመለሱ ዜማ ያንጎራጉሩ ነበር፤ ተጨማሪ እንጀራም ጠየቁ። እኔም እንዳልሰማ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ሰኞ

ሐኪሙ ሆዳቸውን ዳሰሰ። ለስልሷል አለ። ባሕር ዳር ለጊዜው ይቆይ፤ በወሩ ይመለሱ፤ ደም ካዩ ወይም ከዚህ በላይ ከከሱ ግን አንድ ቀን አይደሩ። ይህችኛዋ ከልቤ አልወጣችም።

የኔታ ዛሬውኑ ካልሄድኩ አሉ። ሁለት ጠርሙስ ይዘው ሚኒባስ ተሳፈሩ። በአንደኛው አንገት ላይ ክር አስረውበታል፤ እሱ ደብሩ ደርሶ የሚጸለይበት ነው። ክር የሌለው የሽሮው ነው። እንዳይሳሳቱ ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው፣ እንደ ተማሪ።

ማክሰኞ

መምህራን ክፍል ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የኔታ ናቸው። ደውለውልኝ አያውቁም፤ ሁልጊዜ የምደውለው እኔ ነኝ።

«የኔታ! ምን ሆኑ?»

«ወጣሁ» አሉና ዘጉት።