ዘጠኝ ተኩል ላይ የሚያልፈው ህብስት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ምንም የለም። የእናቴ ፀጉር ቤት ውስጥ ሦስት ራስ አጠብኩ። አንዷ ጆሮዬ ውስጥ ውሃ ገባ ብላ ጮኸች። ጆሮሽን ቤት ትተሽው አትመጪም ነበር? አላልኳትም። እናቴ እያየችኝ ነበር።

ግን አንድ ነገር... ፊት ለፊታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉት እማማ ቱዊ ጉልበታቸው ደረጃ እምቢ ካለ ቆየ። ህብስት ሻጩ ሲመጣ ከመስኮት ቅርጫት በገመድ ያወርዳሉ። ዛሬ ከህብስታቸው ሥር የፕላስቲክ በረሮ አስተኛሁ። ቅርጫቱ ወጣ። ጸጥ... ከዚያ ጩኸት! ብቅ ብለው፣ "አንቺ ጦጣ! ጥርስሽ ይርገፍ!"

በስልኬ ቀርጬዋለሁ። አሥር ጊዜ አየሁት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ህብስት ሻጩ፣ የሰፈሩ ልጆች አጎቴ የምንላቸው ቹንሆክ፣ ሁልጊዜ ዘጠኝ ተኩል ላይ ሞተራቸውን እኛ በር ላይ አቁመው ሽንት ቤታችን ይገባሉ። ከኋላ የእንፋሎት ድስቱ፣ ከፊት መሪው ላይ ሜጋፎኑ። ሜጋፎኑ ውስጥ የሚጣሩት ሚስታቸው አክስት ሱላን ናቸው። "ህብስት! ትኩስ ህብስት! የጾምም አለ! የፍስክም አለ!" ስምንት ዓመቴ ላይ የተቀዳ ነው፤ አሁን አሥራ ዘጠኝ ሞላኝ። አንድ ቃል አልተቀየረም።

ከሜጋፎኑ ጀርባ ቀይ ቁልፍ እንዳለ ዛሬ አየሁ። ሲጫኑት ይቀዳል ማለት ነው... ነገ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

አደረግኩት። ሽንት ቤት እንደገቡ ቀዩን ተጭኜ፣ "ህብስት! እንደ እናቴ ቁጣ የጋለ ህብስት! እንደ ኩንሴ ጭንቅላት የደነደነ ህብስት!" ኩንሴ ጎረቤታችን ነው፣ ቁልፍ ቀራጩ።

አጎቴ ወጡ። አበሩት። ሞተሩን አስነሱ። ሰፈሩ በሳቅ ሞተ! ኩንሴ ሞረዱን ይዞ እየሮጠ ወጣ። እኔ ግድግዳ ይዤ...

ከዚያ መንገዱ መሃል ቆሙ። አጠፉት። አበሩት። የኔ ድምፅ። አጠፉት። አበሩት። የኔ።

"የእሷስ የት አለ?" አሉ።

"ደግመው ይጫኑት አጎቴ፣ ይመጣል።"

"የት አለ?"

አንድ ነገር ብቻ ነው ለካ የሚይዘው። አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይወጣል። ድስቱን እንደ ሞላ ይዘው ተመለሱ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ምን ነበረበት?

እናቴ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። "ሱላን ጉሮሮዋን ቀዶ ጥገና ከተደረገች ሁለት ዓመቷ ነው። ሌላ ድምፅ የላትም። ያ ነበር።"

መናገር እንደማይችሉ አውቃለሁ እኮ። ሁለቱን ነገር ማገናኘት ነው ያቃተኝ። ለነገሩ ትምህርቴንም ያቋረጥኩት በምክንያት ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

አላለፉም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

አለፉ። ሜጋፎን የለም። ድምፅ የለም። እንደ ድመት።

እናቴ ቀለም ቀብታ፣ "ሱላን ስታልፍ እጠቢያት" ማለት ልማዷ ነው። ሰዓት አታይም። እኔም ሱላንን እየጠበቅኩ... ቀለሙ የባንክ ቤቷ ሴትዮ ራስ ላይ ተረሳ። ሴትዮዋ ካሮት ሆና ወጣች። ካሮት! ሌላ ቀን ቢሆን መሬት ላይ ተንከባልዬ እስቅ ነበር።

ቀና ስል እማማ ቱዊ ቅርጫታቸውን አቅፈው መስኮቱ ላይ ተቀምጠዋል። ጆሯቸውን ወደ መንገዱ ሰጥተው። አጎቴ እኮ አልፈዋል! ሮጬ ደረስኩባቸው፤ ሁለት ህብስት ይዤ ሦስት ፎቅ ወጣሁ።

"ሱላን ዛሬ ቀረች?" አሉኝ። ከዚያ ህብስቱን ገለጥ አድርገው ሥሩን አዩ። በረሮ ፍለጋ።

"የለበትም እማማ።"

"ምነው? ታመሻል?"

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ጠዋት ቴሌቪዥን ላይ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ትናንሽ ንግዶች የአገር የጀርባ አጥንት ናቸው ይላል። አጎቴን አላያቸውም እንዴ? የዱቄት ጆንያ ሲያነሱ የሚያማቸው ይኸው ጀርባቸው ነው።

ኩንሴ መጣ። "ሞተሩን ሊሸጡት ነው። እሑድ ሰው መጥቶ ያየዋል" አለኝ። "ደስ ይበልሽ፣ ጭንቅላተ ደንዳና።"

ቤታቸው ሄድኩ። ሊጥ እያሹ ነበር። "አጎቴ፣ እኔ ልጣራ። በደንብ እጣራለሁ፣ ሳልቀልድ..."

"ያንቺን ድምፅ ሰማነው" አሉ። ቀና አላሉም። "ራሴም ሞከርኩት። ሰው ብድር የምሰበስብ መስሎት በር ዘጋ። ዝም ብዬ ስዞር ደግሞ ሌባ እመስላለሁ። ህብስቱን እንደሆነ ማዕዘኑ ላይ ያለውም ሱቅ ይሸጠዋል።"

ይሸጠዋል። መስታወት ውስጥ ተደርድሮ። በሩ ሲከፈት ቲንግ ይላል። ቲንግ ሲል ማን ቅርጫት ያወርዳል?

አክስት ሱላን የሚጽፉባት ትንሽ ነጭ ሰሌዳ አለቻቸው። ጻፉና አሳዩኝ። "ሻይ ጠጪ።"

በጥፊ ቢመቱኝ ይሻል ነበር። ጠጣሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

አልጋዬ ላይ ተኝቼ የድሮ ተንኮሎቼን ሳይ... ቆይ። ቆይ! ኩንሴን ውሃ ያፈሰስኩበት ቀን። ከኋላ፣ በጣም ከሩቅ፣ "ህብስት!" አክስት ሱላን!

ሁሉንም ከፈትኩ። ዘጠኝ ተኩል ላይ የቀረጽኩት ሁሉ ውስጥ አሉ። ግን... በሁሉም ላይ የኔ ሳቅ አለበት። አክስት ሱላን አፋቸውን ሲከፍቱ እኔም እከፍታለሁ። ለካ የምስቀው እንደ ፍየል ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም አልነገረኝም?

ደግሞ አሰብኩ። በዚህ መንገድ ዘጠኝ ተኩል ላይ ስልኩን ያበራ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

በር ለበር፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ ልመና። መጀመሪያ ኩንሴ።

"አምና የገዛ ሱቄ ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ማስቲካ የወተፈው ማነው? ቁልፍ ቀራጭ ውጭ ተቆልፎበት ሲያድር አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"አልሰማሁም!"

"እኔ ነኝ!"

"ወደ መንገዱ ዙሪና!"

ዞሬ ጮህኩ። ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ቪዲዮውን ሰጠኝ፤ ልጁ መጀመሪያ የቆመችበት ቀን። ሁለት እርምጃ፣ ጭብጨባ፣ ከኋላ "ህብስት!" ጥርት ብሎ። ኩንሴ ሦስት ጊዜ አየው። "ስንቴ አይቼዋለሁ፣ ሰምቼው ግን አላውቅም" አለ። አፍንጫውን በሞረዱ ጨርቅ ጠረገ።

የባንክ ቤቷ ሴትዮ በሩን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ሁለተኛ አንኳኳሁ። ባርኔጣ አድርጋለች። "የልጄ ልደት ላይ አለ። ግን ልጁ እያለቀሰ ነው።" ያልቅስ!

እማማ ቱዊ ዘንድም ወጣሁ። "እኔ የምቀርጽበት ስልክ የለኝም። ጭንቅላቴ ውስጥ ግን በየቀኑ ይጣራል። ከቻልሽ አውጪው።"

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ገጣጠምኩት። "ህብስት!" ከኩንሴ ልጅ፣ ከነጭብጨባው። "ትኩስ ህብስት!" ከአንድ ሰውዬ፤ ውሻ አለበት። "የጾምም አለ!" ከልደቱ፣ ከነለቅሶው። "የፍስክም አለ" ግን የትም ጠፋ። አንድ ቦታ ብቻ ተገኘ... የበረሮው ቀን። እላዩ ላይ የኔ ሳቅ።

ይዤ ሄድኩ። ስልኩን ሊጡ አጠገብ አስቀምጬ ከፈትኩት።

አጎቴ ማሸታቸውን አቆሙ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። አክስት ሱላን በጣታቸው ድገሚው አሉኝ። ደገምኩ። ድገሚው። ልጅ ሲያለቅስ ሰሙ፣ ውሻ ሰሙ፣ ራሳቸውን ሰሙ። እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው።

"ሳቁን አጥፍቼው አመጣለሁ" አልኩ። "አንድ ቀን ብቻ ስጡኝ።"

ሰሌዳቸውን አነሱ። "ተይው።" ጠረጉና እንደገና ጻፉ። "ቅጣትሽ ነው። በየቀኑ ስሚው።"

አጎቴ ሳይዞሩ፣ "ታዲያ ነገ ለሚመጣው ሰውዬ ምን ልበለው?"

አክስት ሱላን ከሊጡ ቆንጥረው ወረወሩባቸው። ማጅራታቸው ላይ ተለጠፈ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ሰውዬው መጣ። ህብስት በልቶ ሄደ። ሞተሩ እዚያው ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ዘጠኝ ተኩል። እናቴ ቀለም ቀብታ ጨርሳ፣ "ስትስቂ እጠቢያት" አለችኝ። አዲሱ ሕግ ይኼ ነው።

ከስልኬ ወደ ሜጋፎኑ የቀዳነው ከመንገዱ ጫፍ መጣ። "ህብስት!" ጭብጨባው። ኩንሴ ከሱቁ፣ "ልጄ ናት! የቆመችው የኔ ልጅ ናት!" ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ትናንትም ሲል ነበር። ውሻው። ለቅሶው። ከዚያ የጦጣዋ ሳቅ፣ እንደ ፍየል፣ ለመንገዱ ሙሉ። አንድ በአንድ በር ተከፈተ።

አጠብኩና ወጣሁ። አክስት ሱላን ዛሬ ከኋላ ተቀምጠው መጥተዋል። ማንም እንደገና እንዳይቀዳበት ቀዩን ቁልፍ ኩንሴ በሙጫ ደፍኖታል፤ የከፈለውም የለ፣ የጠየቀም የለ።

ቅርጫቱ ወረደ። ህብስቱን ላስገባ እጄን ስሰድ... በረሮ!

ጮህኩ። እንዴት አድርጌ እንደጮህኩ! የራሴ በረሮ እኮ ነው፣ አውቀዋለሁ። ከሦስተኛ ፎቅ እማማ ቱዊ መስኮቱን ይዘው ይስቃሉ። "ጥርስሽ አለ? ቁጠሪው!" አክስት ሱላን አፋቸውን ከፍተው፣ ያለ ድምፅ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። አጎቴ ሞተሩን ማጥፋት ረሱ።

የኔ ስልክ ኪሴ ውስጥ ነበር። ኩንሴ ቀርጾታል። ማታ ላከልኝ። ስጮህ ይታያል፣ ቅርጫቱ ይታያል፣ ሰዉ ሁሉ ይስቃል።

ከኋላ ሱላን ይሰማሉ።