አባባ አስራ አንድ ደቂቃ የነፋ ዕለት

ማክሰኞ ጠዋት፣ ጥቅምት 4

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለአኩራፊው፣

ሰላምታዬ ካለህበት ባሕር ድረስ ይድረስህ። መርከብህ ዛሬ የትኛው ወደብ ላይ እንደቆመች ስለማላውቅ ይህን ደብዳቤ በድርጅታችሁ አድራሻ ልኬዋለሁ። በስልክ ልነግርህ ብዬ ሁለቴ አነሳሁት፣ ሁለቴም መልሼ አስቀመጥኩት። የእሁዱ ነገር በስልክ የሚወራ አልሆነልኝም። አረፍ ብለህ፣ ጫማህን አውልቀህ አንብበው።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልጨርስ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ደረጃ ላይ ያስቸግራታል እንጂ ምላሷ እንደሆነ ገና ሃያ ዓመቱ ነው። ነጎድጓድ፣ ያው ድራም መቺያችን፣ እሁድ መድረክ ላይ ሽበቱን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ብቅ አለልህ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ላቡ ሲወርድ የነጭ ሸሚዙ አንገትጌ ቀለም የተደፋበት መሰለ። እማዬ ከፊተኛው ረድፍ ሆና፣ "ይሄ ሰውዬ እየፈሰሰ ነው፣ አንድ ሰው ይያዘው!" ብትል አጠገቧ የነበሩት ሁሉ በሳቅ አለቁ።

አሁን ወደ አባባ ልምጣ።

አባባ ከነሐሴ ወር ጀምሮ ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ እየቆመ ግድግዳውን ያደንቅ ነበር። "ይሄ ቀለም ጥሩ ነው፣ ማን ነው የቀባው?" ይላል። በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ ያንኑ ቀለም እንደገና ያደንቃል። እኔ ሞኟ ደግሞ ሽማግሌው ስለ ቀለም ማሰብ ጀመረ ብዬ ስቄአለሁ። ትንፋሽ እየሰበሰበ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሐኪም ቤት በግድ ወሰድነው። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ግን ዓይኗ አይሸሽም። ሳንባው ደክሟል፣ ልቡም አብሮት እየደከመ ነው አለችን። "መንፋት ይቁም" አለች።

አባባ ጫማውን እያየ ዝም አለ። ዝም ሲል አይተኸው ታውቃለህ? እኔ አላውቅም።

እማዬ ናት የተናገረችው። "ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ከእኔ ይልቅ ከትራምፔቱ ጋር ነው የኖረው። በአንድ ቀን አታፋቺው።"

ሐኪሟ ትንሽ አሰበችና፣ "እሺ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤ አስር ደቂቃ" አለች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። "ከዚያ ካለፈ ግን እዚያው መድረኩ ላይ ሊወድቁ ይችላሉ፣ አባቴ። እያስፈራራሁዎት አይደለም።"

"አስር ደቂቃ?" አለ አባባ። "እኔ በአስር ደቂቃ ከንፈሬን እንኳ አላሞቅም!"

አስር ደቂቃ ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ያችን የዛሬ ስድስት ዓመቷን እሁድ እኔም አልረሳኋት። ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነበር የተጫወታችሁት፤ ወንበሩ ባዶ ሆኖ፣ ዘበኛው የኋላውን ረድፍ እየጠረገ። አንተ ትራምፔትህን ዘፈኑ መሐል ላይ ሳጥኑ ውስጥ አስገባህና፣ "አባባ፣ ሰው እኮ ሄዷል። አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ ሰውን ገና እያማረው ነው መሸኘት" አልከው። እሱ ደግሞ ድምፅ ማጉያው ፊት ቆሞ፣ ጠራጊው እየሰማ፣ "እኔ በሰዓት የምጮህ የፋብሪካ ፉጨት አይደለሁም! በሰዓት መንፋት ያማረው እዚያው ፋብሪካ ይቀጠር!" አለህ። ከዚያ በኋላ አንተ መርከብ ላይ ሙዚቀኛ ሆነህ ተቀጠርክ። አርባ አምስት ደቂቃ ተጫወቱ፣ ሃያ ደቂቃ አርፉ ነው የሚሉን ብለህ የጻፍክልኝን እኔ ለራሴ አነበብኩት፤ እማዬ ግን ወስዳ ለእሱ ጮክ ብላ አነበበችለት። ሳትነጋገሩ ስድስት ዓመት ሆናችሁ እንግዲህ። አንዳችሁ እልኸኛ ሌላኛችሁ ግትር።

ወደ እሁድ ልመለስ። ባንዱ በሚጫወትበት ክበብ የመድረኩን መብራት የማበራውና የማጠፋው አሁንም እኔ ነኝ። ስለዚህ ከሐኪሟ ጋር እንዲህ ተስማማን። መድረኩ ጫፍ ላይ፣ አባባ ብቻ የሚያያት ትንሽ ቀይ አምፖል ገጠምን። አስር ደቂቃ ሲሞላ አበራታለሁ። አስራ ሁለት ላይ ካላቆመ የመድረኩን መብራት በሙሉ አጠፋለሁ። ወንበርም አስቀመጥንለት። ወንበሩን ሲያይ "ይሄ ለማን ነው?" አለና በእግሩ ገፋ አደረገው። አምፖሏን ግን በእማዬ ፊት "እሺ" ብሎ ተቀበለ። እሺ ያለበት አኳኋን አላማረኝም።

ሌሎቹ አንድ ሰዓት ያህል ተጫወቱ፤ አባባ የመጨረሻውን ዘፈን ብቻ ሊነፋ ወጣ። የቱን እንደመረጠ ገምት እስቲ። "ረጅሙ"ን! ከአርባ ደቂቃ በታች ጨርሶት የማያውቀውን ያንኑ! እማዬ ከፊት ረድፍ ዞራ አየችኝ፤ ዓይኗ "ገደለን" ይላል። ጣቴን ዋናው ማጥፊያ ላይ አሳረፍኩ።

መጀመሪያዋን ድምፅ ሲያወጣ አዳራሹ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ቆመ። እንዴት ልንገርህ? አባባ ያን ሁሉ ዓመት ሲነፋ ግርግር የበዛበት ገበያ ነበር የሚመስለው፤ አንዱን ጥሎ ሌላውን ሲያነሳ። የእሁዱ ሌላ ሰው ነው። አንዲት ድምፅ ያወጣል፣ ያቺ ድምፅ የምትሄድበት ድረስ ሄዳ እስክትጨርስ ይጠብቃታል። ለእያንዳንዷ ትንፋሽ ስለሚከፍል ትርፍ የሚላት አልነበረችም። ስድሳ ጊዜ የሰማሁት ዘፈን ነው ስልህ፤ እሁድ ግን ገና አሁን እየሠራው ያለ መሰለኝ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

አስር ደቂቃ ሞላ። ቀዩን አበራሁ። አየው። ቀጠለ። ትከሻው ወደ ላይ ሲወጣ፣ የአንገቱ ሥር ሲገተር ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። ከንፈሩ ዙሪያ አመድ መስሏል። "አባባ በናትህ" አልኩ ለራሴ። ልክ አስራ አንድ ላይ ትራምፔቱን ከአፉ አወረደ። በገዛ ፈቃዱ! ከዚያ ያንን በእግሩ የገፋውን ወንበር በእጁ ሳበና ቁጭ አለ።

አሁን የሆነውን አንተ ትረዳዋለህ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ማስረዳት ባቃተኝ። "ረጅሙ" የሚያልቀው አባባ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ሲያነሳ ብቻ አይደል? ትራምፔቱን ማውረዱማ ምንም ማለት አይደለም። ውሃ ይጠጣል፣ ላቡን ይጠርጋል፤ አንድ ጊዜማ ወጥቶ ስልክ አነጋግሮ ተመልሷል። እነሱ ያንኑ ዙር እየደጋገሙ ቦታውን ይጠብቁለታል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስለመዳቸው ይህንን ነው። እሁድም የሐኪሟን ትእዛዝ እያወቁ፣ ሰውዬው መቀመጡን በዓይናቸው እያዩ፣ እጁ ስላልተነሳ ብቻ ቀጠሉ። ትንፋሹን ሰብስቦ የሚነሳ መሰላቸው።

አንዱ ዙር አለቀ። ሌላው ጀመረ። ቤዝ ጊታሩ ከታች፣ ኪቦርዱ ከጎን፣ ድራሙ ቀስ ብሎ። መሐል ላይ ግን ማንም የለም። እኔ መጀመሪያ አፈርኩ፤ ሰው ተሳሳቱ ይላል ብዬ። መብራቱን ላጠፋ ጣቴን ጫን አደረግኩ። ያኔ ነው የሰማሁት። ወንድሜ፣ ትራምፔቱ ይሰማኝ ነበር። ማንም አይነፋም፣ እኔ ግን እያንዳንዷን ድምፅ በቦታዋ እሰማታለሁ። እያበድኩ ነው ብዬ ሰዉን ብመለከት ሁሉም እንደኔ ናቸው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ሦስት ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ የትራምፔቱን ቁልፍ እየተጫነ ነው። አንዲት እናት ሕፃኗን ማወዛወዝ ትታ ፈዛለች።

ከዚያ ያ ቦታ ደረሰ። ትራምፔቱ ወደ ላይ የሚወጣበት፤ አንተ ልጅ ሆነህ ጣሪያው ይቀደዳል ብለህ ጆሮህን የምትይዝበት። ደረሰ፤ ሦስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ቀና አለ። ማንም ሳይነግራቸው፣ አንዲት ድምፅ ሳይኖር፣ ያ ሁሉ ራስ አንድ ላይ ወደ ጣሪያው። እኔም ቀና አልኩ። ዓይኔን ስመልስ እማዬ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ዕድሜ ልኳን "አንተ ሰውዬ አሳጥረው" ስትል የኖረች ሴት!

አባባስ? አባባ አፉን ከፍቶ ይሰማቸዋል። መድረኩ ላይ ሁልጊዜ ከፊት ስለሚቆም ለካ እነሱን ከፊት ለፊት አይቷቸው አያውቅም። ወንበሩን ቀስ ብሎ ወደ እነሱ አዙሮ፣ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ፣ እንደ ማንኛውም ተመልካች ተቀመጠ። እጁን ማንሳት ፈጽሞ ረሳው። ስንት ዙር እንደሄደ እኔን አትጠይቀኝ። ሥራዬ ሰዓት ማየት ሆኖ ሳለ ሰዓቱን አላየሁም። በኋላ ድምፅ የሚቀዳው ልጅ ሃያ ሦስት ደቂቃ ነው አለ፤ ነጎድጓድ አምስት ነው ብሎ ይሟገታል።

በመጨረሻ አባባ እንደሚነቃ ሰው ብንን አለና እጁን አነሳ። ቆሙ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጭብጨባ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል።

ከመድረኩ በስተጀርባ ስንገባ ቤዝ ጊታር መቺው ወፍራሙ ጋሼ፣ ጊታራቸውን እንዳቀፉ፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል። "ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ፣ የሚመለሱ መስሎን ነው" ይላሉ።

አባባ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ዝም በሉ እስቲ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር የምትጫወቱት?"

"አዎ" አሉ ወፍራሙ ጋሼ ግራ ገብቷቸው።

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"መቼ ፋታ ሰጡን!" አለ ነጎድጓድ።

ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። አባባም ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረና እማዬ ጀርባውን ስታሻሽ ቆየች። ሲረጋጋ ቀና ብሎ አየኝ። "ያ ልጅ ያን ጊዜ ስንት ነበር ያለኝ?"

ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። "አንድ ሰዓት ተኩል" አልኩት።

ትንሽ አሰበና፣ "አብዝቶታል" አለ።

እማዬ ስቃ ሳትጨርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ትናንት ጠዋት ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሟ ብዙ አላወራችም፤ መድኃኒቱን ጨመረችለት፣ ከበር ድረስም ሸኘችን። አንተ እንዳትጨነቅ፤ ደህና ነው፣ ይበላል፣ ከእማዬ ጋር ይጨቃጨቃል። ከሐኪም ቤት ሲመለስ ትራምፔቱን ፈታ፣ አጠበ፣ ቁልፎቹን ዘይት ቀባ፣ በለስላሳው ጨርቅ ጠቀለለው። መደርደሪያው ላይ ግን አልመለሰውም። ያንተ ክፍል ገብቶ አልጋህ ላይ አስቀመጠው።

ከሰዓት በኋላ ወፍራሙ ጋሼና ነጎድጓድ መጡ። የሚመጣው እሁድ ትኬት ከወዲሁ አልቋል። ወፍራሙ ጋሼ ፈራ ተባ እያሉ፣ አንድ ጎበዝ ትራምፔት ነፊ አለ፣ ለጊዜው ይዘነው ብንወጣ ምን ይመስልዎታል አሉት።

"ማንንም አታምጡ" አለ አባባ። "እንደ እሁዱ ተጫወቱት፤ ቦታውን ክፍት አድርጋችሁ። እኔ ፊት ለፊት ሆኜ እሰማለሁ።"

"ጌታዬ፣ እጅዎን ካላነሱ ማቆሚያችንን በምን እናውቃለን? ስንት ዙር እንጫወተው?"

አባባ በመስኮቱ ወደ መንገዱ ያይ ነበር፤ ሰው የሚጠብቅ ይመስል። ነጎድጓድ የሻይ ማንኪያውን ማማሰል አቆመ።

"ሰው እስኪገባበት" አለ።

እኔ ከዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ያለውን እንዳለ ጻፍኩልህ። ክበቡ እሁድ እሁድ አስር ሰዓት ይከፈታል፤ በሩ ላይ ያለሁትም፣ መብራቱ ጋ ያለሁትም እኔው ነኝ።

ባሕሩ ይለዝብልህ፣ ከንፈርህ አይድረቅብህ፣ የምትነፋለት ሰው ሁሉ ልብ ይስጥህ። እማዬ ግንባርህን ስማሃለች። አባባ ሰላም በይው አላለኝም፤ ግን እየጻፍኩ ሳለ ሦስት ጊዜ ገብቶ ወጥቷል።

የምትወድህ እህትህ፣
ባለ መብራቷ