የድንጉላዎቹ አያት

ዓርብ፣ ነሐሴ 27

አልጠየቅኩትም። ልጄን ይዤ ጫኖ አባቴ ቤት ድረስ ሄጄ፣ ሙዝ በልቼ ተመልሼ ሴቻ ቤቴ ገባሁ። ፈሪ!

ቃልኪዳን ሰኞ አንደኛ ክፍል ትመዘገባለች፤ የአባት ስም ይጠየቃል። ያ ሰውዬ ገና ሆዴ ውስጥ ሳለች «የእኔ አይደለችም» ብሎ ክዷታል፤ በስሙ አላስጠራትም። የአባቴን ስም እፈልጋለሁ። በእናቱ አባት የሚጠራ ስንት ሰው አለ፤ ግን ሳያስፈቅዱ አይሆንም። አባቴ ደግሞ ካረገዝኩ ወዲህ በቀጥታ አያናግረኝም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ እያለሁ፣ «እናትሽ ሻይ ትጠጣለች ወይ?» ይላታል ልጅቷን።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 28

ዛሬም ሄድን። አባቴ ከማንጎው ሥር ያለውን ቀፎ ለቃልኪዳን እያሳየ «ድንጉላ ብቻ ሆነ» አላት። ለእኔ መሆኑ ነው፤ የባዮሎጂ መምህር ነኝ።

ከፈትነው። ሠራተኛ ንብ ጥቂት፣ ወንዶቹ ድንጉላዎች ግን ትርምስ። ንግሥቲቱ ሞታለች። እንዲህ ሲሆን ሠራተኞቹ ራሳቸው እንቁላል ይጥላሉ፤ ያለ ወንድ ስለሆነ የሚፈለፈለው ድንጉላ ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ አፌ አይያዝም፣ እሱ ፊት ተንተባተብኩ።

«ታዲያ አባታቸው ማነው?» አለች ቃልኪዳን።

«አባት የላቸውም።»

«ማንም የላቸውም?»

«አያት አላቸው። የእናታቸው አባት።»

ሳላስበው አመለጠኝ። አባቴ የንብ ማጨሻውን አስቀምጦ ሄደ፣ ቀፎው ክፍት እንደሆነ! በእሱም በራሴም ስናደድ አመሸሁ።

እሑድ፣ ነሐሴ 29

ቤት ዋልኩ። ዩኒፎርሟን ተኮስኩ። ደግሜ ተኮስኩ።

እናቴ ደወለች። አባቴ ከጎረቤት ቀፎ እንቁላልና እጭ ያለበት የሰም ፍሬም ለምኖ ንግሥት ላጣው ቀፎ ሰጥቷል። ንቦቹ ከእሱ ንግሥት ያሳድጉ ይሆናል ብሏል።

«ስለ እኔስ ምን አለ?»

«ምንም።»

ነገ ልጄን የማን ልበላት?

ሰኞ፣ ነሐሴ 30

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። አባቴ! በማለዳ ሚኒባስ መጥቶ፣ ለሠርግና ለለቅሶ የሚለብሳትን ኮት ለብሶ፣ ንብ የነደፈው ግራ ዓይኑ አብጦ። የቃልኪዳንን እጅ ያዘ።

«ስምሽ ማነው?» አለቻት መዝጋቢዋ።

«ቃልኪዳን።»

«የአባትሽስ?»

ልጄ እኔን አየች። እኔ መሬቱን።

«ዳና በይው» አላት አባቴ መዝጋቢዋን። «ቃልኪዳን ዳና። ዳና እኔ ነኝ።»

መዝጋቢዋ ያበጠውን ዓይን አየችና ሳቋን ዋጠች። እኔ እንባዬን መዋጥ አቃተኝ።

ስንወጣ ቃልኪዳን እየዘለለች ቀደመችን። ሁለታችን ብቻ ቀረን።

«ቁርስ በልተሻል?» አለኝ።

በልቼ ነበር። «አልበላሁም» አልኩት።