ፍም የመሰለችው ትል

አባዬ፣

ሰው የሞተበት ሁሉ አንድ ቀን ይህን ሳይጠይቅ አይቀርም፦ የገደለው የእኔ ቃል ይሆን? ከቀበርንህ ዓመት ሊሞላ ነው፤ እኔ ግን ዛሬም እጠይቃለሁ።

የእርሻችን ምንጣሮ በተቃጠለ ቁጥር ማምሻውን የወንዙን ዳር ትዞር ነበር። የቀረ ፍም ወደ ጎረቤት እንዳይሻገር እርጥብ ቅርንጫፍ ይዘህ፣ ሣር ውስጥ ያበራውን ሁሉ ትቀጠቅጣለህ። ግማሹ ፍም አልነበረም፤ አብሪ ትል ነበር። የትሏ ሆድ ዕቃ መሬት ላይ ሲፈርጥ ጎረቤታችን ኢብራሂም ይንከተከታል፦ «አንተ ወሎዬ! ትሏ ምን በደለችህ? ዛሬስ ስንት ገደልክ?»

በባዮሎጂ ተመርቄ ከአሶሳ ስመጣ የትሎቹ ጠበቃ ሆንኩ። ጎመንህን የሚጨርሰውን ቀንድ አውጣ ሰፌድ ላይ አድርጌ አንዷን ትል ለቀቅኩበት። ነከሰችው፤ መርዟን ረጨችበት፤ ሥጋውን በቁሙ አቅልጣ ጠጣችው። አረፋ እየደፈቀ ቅርፊቱ ባዶውን ቀረ። «ይቺ ትል ናት ወይስ ጅብ?» አልክ አፍህን ይዘህ። እኔም በኩራት፣ እንግዲህ እንዳትመታቸው አልኩህ።

አልመታሃቸውም። በቀጣዩ ምንጣሮ አንዷን ብርሃን ዝም ብለህ ስታልፋት እናቴ አይታለች። ፍም ነበረች። ነፋስ ተነሣ፤ እሳቱ ሣሩን እየበላ የኢብራሂምን ጎጆ ያዘ። እሱ መስጊድ ነበር፣ አሮጊት እናቱ ውስጥ ነበሩ። እሳቸውን ወደ ውጭ ገፍትረህ ስታወጣ ጣሪያው በላይህ ተናደ። ጋቢህን ከቆዳህ መለየት አልቻልንም።

ኢብራሂም ቤቱን በቆርቆሮ ሠርቷል፤ መሳቅ ግን ትቷል። ወንድሜ ትሎቹን እየለቀመ በድንጋይ ይጨፈልቃል፤ «ገዳዮች» ይላቸዋል። ገዳይዋ ማን እንደሆነች ግን እስካሁን አልነገርኩትም።

ግማሹን ትምህርት ነው የሰጠሁህ፣ አባዬ። የትል ብርሃን ቀዝቃዛ ነው፤ አያቃጥልም። ፈተና ላይ ጽፌው ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ፤ ላንተ ግን አልነገርኩህም። የእጅህን ጀርባ ብታስጠጋ ይበቃ ነበር።

ነገ ምንጣሮ እናቃጥላለን። ዛሬ ይህን ለወንድሜ አነብለታለሁ፤ ይጩህብኝ። ነገ ማምሻውን እንዳንተ እርጥብ ቅርንጫፍ ይዤ እዞራለሁ። ያበራው ሁሉ ላይ እጄን አስጠጋለሁ፤ የሚፋጀውን እቀጠቅጣለሁ፣ የሚቀዘቅዘውን በስምህ አልፋለሁ። በየዓመቱ፣ እጄ እስካለ ድረስ።

ይህን የምታነቡ የመንደራችን ሰዎችም ኑ። የወንዙ ዳር ለአንድ እጅ ረጅም ነው።

ልጅህ