ገብስ ያቅፋል፣ እንክርዳድ አያቅፍም

ለባለቤቴ ለኪሮስ፣

ከተለየኸን ዓመት ሞላህ። ትናንት ተዝካርህን አወጣን። ልጃችን አልማዝም ከሰቆጣ ትምህርት ቤቷ መጥታ ነበር፤ ቁመቷ እኔን አልፎኛል። የምነግርህ ብዙ ነው፤ ግን የዚያን የክርክራችንን ነገር ሳልነግርህ ሌላው አይወጣልኝም። ኪሮስ፣ ረታሁህ።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ የተደገሰውን የወንድምህን ሰርግ መቼም አትረሳውም። ያገራችን ሰው ጠላው ቶሎ ካሰከረው ባለሙያ ጠመቀችው ነው የሚለው። በአንድ ዋንጫ ሽማግሌው ሁሉ ግድግዳ ሲደገፍ፣ እኔ ጠማቂዋ ስመሰገን ዋልኩ። በማግስቱ መንደሩ በሙሉ ራሱን ሲያዞረው ነው የተረፈውን ገብስ በመዳፍህ ዘርግተህ፣ ሰዉን ያዞረው የኔ ሙያ ሳይሆን የተቀላቀለበት እንክርዳድ መሆኑን ያሳየኸኝ። ከዚያ ወዲያ «ባለሙያዋ» እያልክ ስትስቅብኝ ኖርክ።

ጠባችንም ያኔ ጀመረ። አንተ እንክርዳድ ከገብስ የሚለየው ዛላው ወጥቶ፣ ፍሬው ካገዳው ጋር ተለጥፎ ጠፍጠፍ ሲል ነው፤ ቀድሞ የነቀለ ገብሱን ይነቅላል ትላለህ። እኔ ደግሞ እስከዚያ ከቆየ ሥሩ ተቆላልፎ ገብሱን ይዞት ይወጣል እላለሁ። ስንከራከር ክረምቱ ያልቃል።

ለተዝካርህ የሚጠመቀው እንክርዳድ ከማያጣው ከዚያው ማሳችን ገብስ ስለሆነ ዘንድሮ ፈራሁ። በአንተ ስም የተጠራ ሰው ታሞ እንዳይመለስብኝ ብዬ፣ ነሐሴ ላይ በካፊያው ቁጭ ብዬ ቡቃያውን አንድ በአንድ አየሁት። ቅጠሉ ካገዳው የሚነሳበትን ቦታ ገለጥ አድርገህ አይተኸው ታውቃለህ? ገብስ እዚያ ጋ ሁለት ጥፍር አለው፤ አገዳውን ጥምጥም አድርጎ ያቅፋል። እንክርዳድ ቅጠሉ ጠበብ ያለ ነው፤ አያቅፍም። ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ደስ ብሎኝ ልነግርህ ዞር ስል የለህም። እዚያው አለቀስኩ፤ ከዚያ እየሳቅኩ መንቀሌን ቀጠልኩ።

አንዷን ግን ጥግ ላይ ተውኳት። ሳታይ እንደማታምን አውቃለሁ። መስከረም ላይ ዛላዋ ጠፍጣፋ ሆኖ ወጣ።

ትናንት ጠላው ቀጠነ ተብዬ ታማሁ። እናትህ ግን ደጋግመው ጠጥተው፣ ደጋፊ ሳይፈልጉ ዳገቱን ወጥተው ቤታቸው ገቡ። እኔ ከኋላቸው እያየሁ ኮራሁ።

ከእንግዲህ በየክረምቱ አንዷን ለአንተ እተዋታለሁ። ዛላዋ ሲወጣ ሄጄ፣ ስምህን ጠርቼ አሳይሃለሁ። ፍሬዋ ሳይረግፍ እነቅላታለሁ።

ባለሙያህ